ጥሩምባው ዝም የሚልበት መስኮት

ክቡራንና ክቡራት፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ በዚህ ፀሐይ የቆማችሁ ወዳጆች፣ የምሽጉ ቢሮ ኃላፊ ጌታዬ፣ የሟች ልጅ አንቺም ልጄ፣ እንደምን ዋላችሁ። ብዙ አላስቆማችሁም ብዬ አልዋሽም። አስቆማችኋለሁ። የደከመው ይቀመጥ፤ መቀመጫ ያጣም አጠገቡ ያለውን ትከሻ ይደገፍ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እኔ የጥንቱ ምሽግ በር ጠባቂ ነኝ። ሟቹ ደግሞ የምሽጉ አስጎብኚ ነበር። እኔ በሩን እከፍታለሁ፣ እሱ ሰው ይዞ ይገባል። ዕድሜያችንን በዚህ ጨረስነው። ልጁ ‹አባቴን የሚሸኝልኝ ንግግር ያድርጉ› ብትለኝ እሺ አልኩ። የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አንዳንድ ቦታ ቆም ካልኩ የገዛ ጽሕፈቴ አልነበብ ብሎኝ ነው እንጂ እያለቀስኩ አይደለም። እንዳትሳሳቱ።

የሥራ ባልደረቦቹ ጥሩምባ ይሉት ነበር። ለምን? ድምፁን የሰማ ሰው ይህን አይጠይቅም። በዚህኛው ግንብ ሲናገር በወዲያኛው ግንብ ያሉ እርግቦች ይነሡ ነበር። እሱ ደግሞ እኔን መቀርቀሪያው ይለኝ ነበር። መቀርቀሪያ ይዘጋል እንጂ አያወራም። ስሙ አላስቀየመኝም። ብዙ የሚያወራ በር ጠባቂ ማን ይፈልጋል?

ታዲያ ከጥሩምባና ከመቀርቀሪያ ምን ዓይነት ወዳጅነት ይወጣል? እኔም ሰሞኑን ይህንኑ ሳስብ ሰነበትኩ።

ከእናንተ መካከል ከእሱ ጋር ምሽጉን የዞረ አለ? እጃችሁን አታንሡ፣ አውቃችኋለሁ፤ በእኔ በር ነው ያለፋችሁት። ጠዋት በሩ ሥር ይሰበስባችኋል። ‹ወደ ላይ ተመልከቱ› ይላል። ከቅስቱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ያሳያችኋል። ‹ጠላት እዚህ ሲደርስ ከዚያ የፈላ ውኃ ይወርድበታል፤ እናንተ ግን ትኬት ስለያዛችሁ አይዟችሁ› ይላል። ሁልጊዜ ይቺው ቀልድ። ሁልጊዜ ትስቃላችሁ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አልሳቅኩም።

ከዚያ ጠመዝማዛውን ደረጃ ያስወጣችኋል። ደረጃው ለምን በቀኝ በኩል ይጠመዘዛል? ከመካከላችሁ አንዱን ጃንጥላ ያስይዘውና እሱ ከላይ ቆሞ ‹ናማ ውጋኝ!› ይለዋል። ሰውየው ጃንጥላውን ሲሰነዝር ክንዱ ከግድግዳው ጋር ይላተማል። ‹አየህ፣ አንተን ያሸነፈህ እኔ ሳልሆን ግንበኛው ነው› ይለዋል። ከዚያ በር የሌለው እስር ቤት አለ፤ እስረኛ የሚወርድበት በጣሪያው ቀዳዳ ነው። እዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የእሱ ዝቅ ያለ ድምፅ የሌላ ሰው ጩኸት ነው። ቀጥሎ የውኃ ማጠራቀሚያው፤ ‹ስማችሁን ጥሩና ግድግዳው መልሶ ሲጠራችሁ ስሙት› ይላችኋል። አዋቂ ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን የራሱን ስም እየጠራ ሲጮህ ይውላል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በውስጠኛው ግቢ አድርጎ መልሶ ወደ በሩ ያወርዳችኋል። የበሩ ማማ ላይ አንድ መስኮት አለ። ጉብኝቱ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ መስኮቱ ሥር።

ያ መስኮት የእኔ ቤት ነው። በር ጠባቂ በሩ ላይ ነው የሚኖረው። ባለቤቴም በሕይወት ሳለች እዚያው ነበረች።

የመጀመሪያ ቀኑን ላውራችሁ። ጎረምሳ ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ። ታሪኩን ሁሉ በቃሉ አጥንቷል። በሩ ላይ ጥሩ ተናገረ፣ ደረጃው ላይ ጥሩ ተናገረ፣ እስር ቤቱም ላይ። ሰዎቹን ይዞ መስኮታችን ሥር ደረሰ፤ እዚያ ጠፋበት። የመጨረሻው ንግግር ከነሥሩ ጠፋበት። አፉን ከፍቶ ቆመ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ሰዎቹ እሱን ያያሉ፣ እሱ ድንጋዩን ያያል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ‹አለቀለት፣ ነገ አይመጣም› አልኩ በልቤ።

ይህን ጊዜ ባለቤቴ ብቅ አለች። ልብስ ስታጥብ ነበር። በክርኗ መስኮቱን ተደግፋ፣

«እናንተ! ከዚያ ሥር ዞር በሉ፣ ውኃ ልደፋ ነው!» አለች።

ሁሉም ቀና አለ። አንዱ ጎብኚ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

የጠፋበት ሰው ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «እሷማ የምሽጉ እመቤት ናት!» አለ። «ይህን በር ከጥንት ጀምሮ ከወራሪ የምትጠብቀው እሷ ናት!»

ባለቤቴ ሰማች። አየችው። ውኃውን ደፋችው።

ሰው እየሳቀ ተበታተነ። ከዚያ አጨበጨበ። ማታ ሊመሽ ሲል ወደ ቤታችን ወጥቶ በሩ ላይ ኮፍያውን እያሻሸ ቆመ።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታህን ተወውና፣ ነገ በስንት ሰዓት ነው ሰው ይዘህ የምትመጣው?» አለችው። «ልብሴን ለዚያ ሰዓት ላድርሰው።»

በዚሁ ቀጠለ። በየቀኑ መስኮቱ ሥር ሲደርስ ዝም ይላል፣ እሷ ትወጣለች፣ ትሳደባለች። ታሪክ የሚያውቅ ሰው ‹እንዲህ ያለች እመቤት በየትኛው ዘመን ነበረች?› ይል ይሆናል። በእኛ ዘመን ነበረች። አንድ ቀን አንድ ጉንጩ የቀላ ሰውዬ፣ ሁሉን ካላረምኩ የሚል ዓይነት፣ ጣቱን ቀሰረና፣

«የጥንት እመቤት ከሆነች፣ ያ የፕላስቲክ ሳፋ ከየት መጣ?» አለ።

ጥሩምባ መልስ ሳያዘጋጅ እሷ ከላይ ቀደመችው። «ከገበያ! አንተ ከየት መጣህ?»

ሌላ ቀን ደግሞ ቀድሞ የሚሮጠውን ጎብኚ «አንተ ባለ ቀይ ኮፍያ! ሚስትህ ደረጃው ላይ እያለከለከች ነው፣ የት ጥለሃት ትሮጣለህ?» አለችው። ሰውየው ተመልሶ ሄደ። ሚስቱ ከላይ ሆና እጇን አውለበለበችላት። ያቺ ሴትዮ በዓመቱ ብቻዋን መጥታ ‹የመስኮቷ እመቤት አለች?› ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ባልየው አልጠየቅኳትም።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። የገዛ ሚስቴን የማላውቀው ሰው ሁሉ ያጨበጭብላታል። «ተይ እንጂ፣ ትልቅ ሰው ነሽ» አልኳት። «ቅናት ነው» አለችኝ። ቅናት አልነበረም።

ከዚያ አረፈች። ስለ እሷ ዛሬ ብዙ አልናገርም፤ ቀኑ የእሱ ነው። ምሽጉ ለቀብሯ ተዘግቶ እንደገና በተከፈተ ቀን ግን ጥሩምባ ሰው ይዞ መጣ። ዞሩ፣ ወጡ፣ ወረዱ። መስኮቱ ሥር ደረሱ። ዛሬስ ምን ይል ይሆን? ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ‹እዚህ ደግ ሴት ትኖር ነበር› ቢል እንደማልተወው ለራሴ ዝቼ ነበር።

ምንም አላለም።

ጥሩምባ ዝም አለ። እሷ ወጥታ ሰድባ፣ ተስቆ፣ ተጨብጭቦ የምትገባበትን ያህል ጊዜ ዝም አለ። ሰዎቹ መጀመሪያ እሱን አዩት። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የሚሰሙት ነገር ሲያጡ ማንም ሳያዛቸው አንድ በአንድ ቀና እያሉ መስኮቱን አዩ። ከዚያ «አመሰግናለሁ፣ ጉብኝታችን እዚህ ያበቃል» አለና አሰናበታቸው።

በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያም ወዲህ እግሩ እስኪከዳው ድረስ እንደዚያው። በዝናብም፣ ሰው ሲቸኩልም፣ ትልልቅ ሰዎች ከነአጃቢያቸው ሲመጡም። እኔና እሱ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ለምን አላመሰገንከውም ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? ስለ ዝምታህ አመሰግናለሁ ይባላል?

እኔም ከዚያ ወዲህ ከጎብኚ ጋር መነጋገር ተውኩ። ድሮም ወሬኛ አልነበርኩም፤ ግን ድሮ ሰላምታ እመልስ ነበር። ‹መጸዳጃ ቤቱ በየት ነው?› ሲሉኝ በጣቴ አሳያለሁ። ይበቃቸዋል። ቤት ስገባም የሚያናግረኝ የለም። እንዲያ መኖር ይቻላል። ኖሬዋለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥሩምባ ደረቱን ታመመ። እግሩም ደረጃውን እምቢ አለ። ቢሮው ያን በጆሮ የሚደረገውን ማሽን አመጣ። ጎብኚው ጆሮው ላይ ያደርግና ብቻውን ይዞራል፤ በየቦታው ሲደርስ ማሽኑ ይነግረዋል። ድምፁን የሚቀዳው ማን ይሁን? ከጥሩምባ ሌላ ማን አለ? አስቀመጡትና ቀዱት። ልጁ አጠገቡ ነበረች፤ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ቅጂውን የምታስተካክለው ባለሙያ ስታዳምጥ ቆይታ፣

«ጋሼ፣ እዚህ መጨረሻው ላይ ባዶ ነው። ልቁረጠው?» አለችው።

«ባዶ አይደለም።»

«ምንም ድምፅ የለውም እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱን ከቆረጥሽ ሌላውንም ቁረጪው፣ ልጄ። ከነትኬት ቀልዱ።»

በትኬት ቀልዱ ከማለ ነገሩ የምር ነው። ባለሙያዋም ተወችው።

ማሽኑ ለሙከራ በወጣ ቀን እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ አንድ ሰው መጣ። ማሽኑን ከጆሮው አውልቆ ያራግፈዋል። «አባት፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለኝ። ወደ ቢሮው ጠቆምኩት። ሁለት እህትማማቾች መጡ። «መስኮቱ ጋ ስንደርስ ዝም አለ።» ጠቆምኳቸው። ከነቤተሰቡ የመጣ መጣ። ጠቆምኩት። ጣቴ እስኪዝል ጠቆምኩ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ደህናውን ማሽን እየተቀበሉ ሌላ ደህና ማሽን ሲሰጡ ዋሉ። ተመልሰው ሄደው መስኮቱ ሥር ይቆማሉ፤ እሱም ዝም ይላል።

ተናድጄ ሥራ ስጨርስ ቤቱ ሄድኩ። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ድምፁ ቀጥኗል፤ የሰው ድምፅ አክሏል።

«አንተ ሰው፣ ማሽንህ መስኮቴ ሥር እየተበላሸ ሰው ሁሉ እኔ ላይ ይመጣል» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ይመጣሉ? ወዳንተ?»

«ወደ ማን ይሂዱ? ቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትላቸዋለህ?»

«ወደ ቢሮ ሂዱ እላለሁ።»

ተመለከተኝ። «አንተ ድንጋይ!» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የታመመ ሰው ይነጫነጫል ብዬ ብርድ ልብሱን አልብሼው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘሁትም።

ባረፈ ማግስት ኃላፊው ወደ ቤቴ መጡ። ጌታዬ፣ እዚህ ስላሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምናገረው። ትሕትና አሳይተውኛል። ደረጃውን ወጥተው፣ ‹ግቡ› እስክል በር ላይ ቆመው ጠብቀዋል። ነገሩን ሰው ይወቅልኝ። ኃላፊው ያሉኝ ይህን ነው፤ ማሽኑ ሰሞኑን ለሁሉም ይወጣል። ዝምታውን ግን ማሽን ላይ ማቆየት አይቻልም፤ ሰው ተበላሸ ይላል። ሟቹን ስለምናከብር እንዲሁ ቆርጠን አንጥለውም። በቦታው ስለ ባለቤትዎ አንድ ዓረፍተ ነገር እናስገባለን። ወረቀት አወጡና አነበቡልኝ። ‹ይህ መስኮት የበር ጠባቂው ቤተሰብ መኖሪያ ሲሆን፣ ባለቤቱም በደግነቷና በእንግዳ ተቀባይነቷ በጎብኚዎች ዘንድ የተወደደች ነበረች።› በዚያ ላይ ስሟ አለ። ከነአባቷ ስም። በሌላ ሰው ድምፅ ይነበባል፤ በየቋንቋውም ይተረጎማል።

«ከቀብሩ በኋላ እሺ ወይም እምቢ ይበሉኝ» አሉኝና ሄዱ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ቀላል እንዳይመስላችሁ። እሷን በስሟ የሚጠራ እኔ ብቻ ነበርኩ የቀረሁት። እኔም ጮክ ብዬ አልጠራትም። እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ ነኝ፤ ዛሬ ያየኝ ለከርሞ ላያገኘኝ ይችላል። ከእኔ በኋላ ማን ይጠራታል? ማሽኑ ግን አይሞትም። በማላውቀው ቋንቋ ሁሉ ስሟ መስኮታችን ሥር ሲነሣ አሰብኩት። ‹እሺ› ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ ‹እሺ› ልል ነበር። የከነከነኝ ‹በደግነቷ› የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ደግ አልነበረችም። ውኃ ትደፋ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ይህን እያሰላሰልኩ በሩ ላይ ነበርኩ። ለሙከራ ከተሰጡት ማሽኖች አንዱን የያዙ ባልና ሚስት መጡ። ጎልማሶች ናቸው። ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ደረጃው ጎድቷታል።

«አባቴ፣ ይሄ ማሽን ተበላሽቶ ነው?» አለችኝ። «ጥሩ ሲናገር ቆይቶ እዚያ መስኮት ሥር ዝም አለብን።»

እጄ ወደ ቢሮው ተነሣ። አፌ ግን ከእጄ ቀደመ።

«አልተበላሸም» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

እጄ አየር ላይ ቀረ። መልሼ አወረድኩት። «ቁጭ በይ፣ እግርሽን አሳርፊ» አልኳት። ባልየውም ተቀመጠ። ነገርኳቸው። ጎረምሳው ንግግሩ እንደጠፋበት፣ ውኃው እንደተደፋ፣ ስለ ሳፋው፣ ስለ ባለ ቀይ ኮፍያው። ሳፋው ላይ ስደርስ ሴትዮዋ ሳቋ አምልጧት ጫማዋ ከእጇ ወደቀ። ባልየው «ስሟ ማን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ደጋግሞ ጠራው፣ በትክክል እንዳለው እስካረጋግጥለት ድረስ። ሲሄዱ መስኮቱ ሥር ተመልሰው ቆሙ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። ማሽኑ በሰውየው ኪስ ውስጥ ነበር።

ድንጋይ ያለኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ የሚያስብ ሰው ወደ ማን ይሄዳል? ቅርብ ወዳለው ሰው ነው። ቅርብ ያለው ማን ነው? ጥሩምባ ይህን ያውቅ ነበር። ዝምታውን ያስቀመጠው ለእሷ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ግማሹ የእኔ ነው። አፉን የዘጋ ሽማግሌ በር ላይ ተቀምጦ ቀርቷል፤ ሰው ላኩለት ማለቱ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ከቀብሩ በኋላ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሰው እየሰማ ብመልስ ይሻለኛል። መልሴ ይኸው። ዓረፍተ ነገሩ ይቅር። የባለቤቴን ስም ማሽን አይጥራው። ባዶው ቦታ እሱ እንደተወው ይቀመጥ። የተበላሸ የመሰለው ሁሉ ቢሮዎን እንዳያጨናንቅብዎ፣ መስኮቱ ሥር ‹ማሽኑ ዝም ሲል በር ጠባቂውን ያነጋግሩ› ብለው ያስጽፉ። ጽሑፉን ሳያይ የሚያልፈውን እኔው ጠርቼ አስቀምጠዋለሁ። እኔ ሳልኖር ደግሞ በሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ይነግራል። ከመቅጠሬ በፊት አስጠናዋለሁ፤ ማለቴ ከመቅጠርዎ በፊት። እምቢ የሚሉኝም ከሆነ እምቢ ይበሉኝ። ግን እዚሁ ይበሉኝ፣ እሱ ባለበት።

…አንገታቸውን ነቀነቁ። እሺ ነው? እሺ ነው። አይታችኋል፣ ምስክር ናችሁ። ይቺ እንኳ ወረቀቱ ላይ የለችም።

ልጄ፣ አባትሽ ጥሩ ሰው ነበር አልልሽም፤ ታውቂዋለሽ። ነገ ከነገ ወዲያ ድምፁ ሲናፍቅሽ ነይ። ማሽን አሰጥሻለሁ፣ ጠዋት ጀምረሽ ዙሪ። የትኬት ቀልዱንም ትሰሚያለሽ። ስትጨርሺ እኔ ጋ ነይ፣ እራት አብረን እንበላለን።

እንግዲህ ጥሩምባ።

ከአንተ ጋር አንድ በር ላይ አረጀሁ፣ ለአንተ የተናገርኩት ግን ዛሬ ከተናገርኩት አይበልጥም። ተንኮለኛ ነህ። ዕድሜህን ሙሉ ስትናገር ኖረህ፣ የመጨረሻዋን ንግግር ለእኔ ጥለህልኝ ሄድክ። ትናንት ሞከርኳት። ጉሮሮ ታደርቃለች። በየቀኑ እንዴት እንደቻልከው አላውቅም። ይሁን፤ ነገም ጎብኚ አለ፣ እናገራለሁ።

አንተ ግን ተናግረህ ጨርሰሃል። ደህና ሁን። እረፍ።